ሮዝ ጫጩቶች

ዓሣ አርቢው አርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መኖ ሊበትን ወደ ኩሬዎቹ ሲወርድ፣ ከትልቁ ዛፍ ሥር ሰው በጀርባው ተንጋሎ አየ። «ጋሽ ጎጆ፣ ዛሬ ደግሞ ተኝተው ነው የሚያነሱት?» ብሎ ቀለደ። ሁለት እርምጃ ቀረብ ሲል የመኖው ባልዲ ከእጁ ወደቀ።

ጋሽ ጎጆ ማለት ሠላሳ ዓመት ሙሉ የወፍ ጎጆ ብቻ ፎቶ ሲያነሱ የኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። የመዝገብ ስማቸውን የሚያውቀው መታወቂያቸው ብቻ ነው።

ኢንስፔክተሩና ሳጅኗ ሲደርሱ፣ ቦታው ራሱ አንድ ታሪክ አዘጋጅቶ የሚጠብቃቸው ይመስል ነበር። ረጅም የእንጨት መሰላል በጎኑ ወድቋል። በሽማግሌው ቀኝ መዳፍ ላይ የእጅ መጋዝ አለ። አጠገባቸው ቅጠሉ ገና ያልደረቀ ትልቅ ቅርንጫፍ ተጋድሟል። በሦስት እግር ላይ የቆመው ካሜራቸው ከሩቅ አፍጥጦ ያያል። ከላይ ደግሞ፣ ጣሪያው እንደተገፈፈ ቤት፣ የሳቢሳ፣ የነጩ ዓሣ በል ወፍ፣ ጎጆ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል።

ሳጅኗ መሰላሉን አቁማ ወጣች። ስትወርድ ፊቷ ተቀይሯል።

«ሦስት ጫጩቶች ናቸው አለቃ። ሦስቱም ሞተዋል። ፀሐይ ነው የገደላቸው።»

«ሌላስ?»

«ነገሩማ ቀላል ነው። ጎጆው በደንብ እንዲታያቸው ቅርንጫፉን ሊቆርጡ ወጡ፣ ቆረጡ፣ መሰላሉ ከዳቸው። የወፍ ግፍ ነው የሚባለው ይሄ ነው።»

ኢንስፔክተሩ አልሰማትም። ዓይኑ ከሽማግሌው ፊት ላይ ተተክሎ ቀርቷል። ይህን ፊት ያውቀዋል። ከዘጠኝ ቀን በፊት፣ ከራሱ ጠረጴዛ ማዶ፣ አይቶታል።

ያን ዕለት ሽማግሌው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡና፣ «አቤቱታ አለኝ። አንድ ሰው የወፍ ጎጆ እያነሳ አስቸገረን» አሉ።

«እርስዎስ የሚያነሱት ምንድን ነው አባቴ?» አለ ኢንስፔክተሩ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ሽማግሌውም ለይሉኝታ ትንሽ ሳቁ።

«እኔ የማነሳው በካሜራ ነው። እሱ ግን ቅጠሉን ከላይ ይቆርጣል። ያለ ቅጠል ጫጩት አንድ ቀን አይውልም።»

«ማነው ሰውየው?»

«መጀመሪያ እነዚህን ፎቶዎች ይዩልኝ። በሰው ላይ በከንቱ አፌን መክፈት አልፈልግም።» ቢጫ ፖስታ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ከቅጠል ሥር ያለ ነጭ ወፍ ካሜራ ውስጥ ነጭ አይደለም። እሱን ካዩ ሁሉንም ያያሉ።»

«አባቴ፣ እኛ ለወፍ መዝገብ አንከፍትም። እኔ ደግሞ እቸኩላለሁ።»

«እኔ አልቸኩልም» አሉ ሽማግሌው። «ሲመችዎት ይዩት።»

አልተመቸውም። ፖስታው ታችኛው መሳቢያ ውስጥ፣ ከአሮጌ ጋዜጣ ሥር ገባ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ኢንስፔክተሩ ግን ያፈሰሰው ነገር የሚለቀም ዓይነት አልነበረም።

«አለቃ፣ ደህና ነዎት?» አለች ሳጅኗ ከዛፉ ሥር።

«መሰላሉን ያዢልኝ» አለና ራሱ ወጣ። ከተቆረጠው ቅርንጫፍ ጉቶ ላይ ያገኘው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ሁለት ዙር የተጠመጠመ፣ ገና ያልተቋጠረ ነጭ ገመድ። የገመዱ ጥቅልል ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል።

ከላይ ሆኖ፣ «ሊቆርጥ የወጣ ሰው ገመድ ምን ይሠራለታል?» ሲል ጠየቀ።

ሳጅኗ አሰበች። «ምንም። ገመድ የሚያስፈልገው መልሶ ለሚያስር ሰው ነው።»

*

የሟቹ ሴት ልጅ ከአባቷ ጋር የምትሠራበት ክፍል ጠባብ ነበረች። ግድግዳው ሆን ተብሎ ግራጫ ተቀብቷል። መጋረጃው ጥቁር ነው፤ ከጠረጴዛው ላይ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር በቀር ቀለም ያለው ዕቃ የለም። አባትየው ያነሳሉ፣ እሷ ቀለሙን ታርማለች። አሥር ዓመት እንዲህ ኖረዋል፤ ጎጆ ሲያገኙ ሜዳ ማደራቸው አዲስ ስላልሆነ ሐሙስ ማታ አልፈለገቻቸውም።

«አባቴ ቅጠል አይቆርጥም» አለች። አላለቀሰችም። «አንዴ ቀሚሴ ቅርንጫፍ ሰብሮ ሁለት ቀን አኩርፎኛል። አሁን ሰዉ ምን እያለ እንደሆነ ያውቃሉ? “ጎጆ ሲያፈርስ የወፍ ግፍ ጣለው” እያለ ነው። በወደደው ነገር እንኳን አይደለም፣ በጠላው ነገር ሊቀበር ነው።»

«ጠላት ነበራቸው?»

«አንድ ሰው ጎጆ እያበላሸ ነው ይል ነበር። ማን እንደሆነ አልነገረኝም። የሚያፍርለት ይመስል ነበር።» ቀና ብላ አየችው። «ባለፈው ሳምንት ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ ብሎኝ ነበር። መጥቶ ነበር እንዴ?»

ኢንስፔክተሩ ማስታወሻ ደብተሩን ከደነ።

«አጣራለሁ» አለ።

አጣራለሁ የፖሊስ ቃል ነው፤ ከውሸት ጋር አንድ አጥር ይጋራል። ይህን ከራሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ልጅቷ የአባቷን ሜሞሪ ካርድ ኮምፒውተሩ ውስጥ ከተተች። የመጨረሻው ፎቶ ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከአርባ የተነሳ ነበር። ሦስት ጫጩቶች አንገታቸውን አስግገው አፋቸውን ከፍተዋል። ግን ልክ ቅጠላ ቅጠል ውስጥ ነክረው እንዳወጧቸው፣ ከራስ እስከ እግር አረንጓዴ ናቸው።

«ካሜራው ተበላሽቶ ነው?» አለ።

«አይ፣ ቀለም ይጋባል። ፀሐይዋ ቅጠሉን አልፋ ስትመጣ አረንጓዴውን ይዛ ትመጣለች። የእኛ ዓይን ይለምደውና ነጭ ነው ይለናል፤ ካሜራ ግን ይሉኝታ የለውም።» ማውዙን ነካ አደረገች። «አረንጓዴውን ለማጥፋት የሱን ተቃራኒ ሮዝ እጨምርበታለሁ። እንዲህ።»

ጫጩቶቹ በአንድ ጊዜ ወተት የመሰለ ነጭ ሆኑ። ኢንስፔክተሩ ሳያስበው ወደ ኋላ አለ።

«ለዚህ ዛፍ ልኩን አስቀምጬዋለሁ። “ቅጠል” ብዬ ሰይሜዋለሁ፤ አንድ ጊዜ መጫን ነው። ለጠየቀን ሁሉ ሰጥተናል፣ አባቴ ሥራ አይሰስትም ነበር።»

*

መጋዙ የዓሣ አርቢው ሆኖ ተገኘ።

«የኔ ነው፣ ምን ልካድ!» አለ ሰውየው እጁን እያወራጨ። «ከፓምፑ ቤት ምስማር ላይ ነው የሚንጠለጠለው። በር የለውም፣ ማንም ያወርደዋል።»

«ወፎቹን ትጠላቸዋለህ አሉ» አለች ሳጅኗ።

«ዓሣዬን እየበሉ ልውደዳቸው? ረግሜያቸዋለሁ። ዛፉን ከነጎጆው እቆርጠዋለሁ ብዬም ፎክሬያለሁ። ሽማግሌው ግን ያን ለት ምን አሉኝ መሰላችሁ? “ቁረጠው፣ ግን መጀመሪያ ና በሌንሴ አንዴ እይ” አሉኝ። አየሁ። እንግዲህ ካየሁ በኋላ በምን አንጀቴ እቆርጣለሁ?»

ሐሙስ ከአንድ ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ከተማ ዓሣ ሲያከፋፍል እንደነበር፣ ከዚያም እስከ አርብ ጠዋት ወደ ኩሬዎቹ እንዳልወረደ ተናገረ። የሆቴሉ ምግብ አብሳይ፣ «ነበር እንጂ! ስድስት ሰዓት ድረስ ሚዛኔ ላይ ሲጨቃጨቅ ነበር፤ ዕድሜዬን ነው የበላው» ብላ መሰከረችለት። ሌሎች ሁለት ሰዎችም እንዲሁ አሉ።

«የሚጠላው ምስክር ለሰው አይዋሽለትም» አለች ሳጅኗ፤ ስሙን ከዝርዝሩ ላይ ሰረዘችው።

የሚቀጥለው ስም ፈገግታ ነበር። ፈገግታ የሠርግ ፎቶ አንሺ ነው፤ ስሙ የወጣለት ቀኑን ሙሉ «ፈገግ በሉ!» ሲል ስለሚውል ነው። ጎጆ ማንሳት ያስተማሩት ጋሽ ጎጆ ናቸው፤ አሥራ ሁለት ዓመት አብረው ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ፎቶ ቤቱ ሲገቡ ሙሽሮችን አስቁሞ ያነሳ ነበር። የሙሽሪት ቀሚስ በረዶ ይመስላል። ከጀርባው በተሰቀሉት ፎቶዎች ያሉት መቶ ቀሚሶችም ሁሉም በረዶ ናቸው።

ሙሽሮቹ ሲወጡ ፈገግታ ተቀምጦ አለቀሰ። እንባው የውሸት እንዳልነበረ ኢንስፔክተሩ አየ፤ ይህ ደግሞ ግራ አጋባው።

«አባቴ ነበር» አለ። «ምናለበት ለአንድ ፎቶ ብሎ ባይወጣ!»

«ቅርንጫፉን እሳቸው ናቸው የቆረጡት ትላለህ?»

«የከተማው አዳራሽ ውድድር መዝጊያ ሐሙስ ማታ ነበር። ሽማግሌ ሲቸኩል ምን ይታወቃል?»

«አንተስ ተወዳድረሃል?»

«አዎ፣ የዚያኑ ጎጆ ፎቶ ነው ያስገባሁት። ሰኞ ጠዋት ያነሳሁት ነው፤ ካሜራው ላይ ቀኑ አለ። ከሰኞ ወዲህ ወደዚያ አልሄድኩም። ሐሙስ ከዚህች ወንበር አልተነሳሁም፤ ጎረቤቴን ጠይቁ።»

ጎረቤቱ ልብስ ሰፊዋ መርፌ በከንፈሯ ይዛ፣ «ነበረ፣ ሬዲዮኑ ጠዋቱን ሙሉ ሲጮህ ነበር» አለች።

«ሬዲዮኑን ነው ወይስ እሱን ነው የሰማሽው?»

መርፌዋን ከከንፈሯ አወጣች። «እሱንማ... እንግዲህ ሬዲዮ ራሱን አይከፍትም ብዬ ነው እንጂ!»

ይህ ሰውን የሚያስር ነገር አልነበረም። የሐኪሙም ቃል ያንኑ ዕለት ደረሰ፦ ሽማግሌው የሞቱት ሐሙስ ረፋድ ላይ ነው፤ ከወደቁ በኋላ ግን አንድ ሰዓት ያህል በሕይወት ነበሩ። ኢንስፔክተሩ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። በሁለተኛው ንባብ «አንድ ሰዓት» የሚለውን በጣቱ ሸፈነው።

*

ቅዳሜ የውድድሩ ፎቶዎች አዳራሹ ውስጥ ተሰቀሉ። ሰዉ ከሁሉ በላይ የተሰበሰበው ከፈገግታ ፎቶ ፊት ነበር። ሦስቱ ጫጩቶች በሕይወት እያሉ፣ ቀጥታ ወደ ተመልካቹ ያያሉ። ላባቸው ስስ ሮዝ ነው።

«የንጋት ብርሃን!» ይላል አንዱ። «የሕፃን ጉንጭ!» ትላለች ሌላዋ።

የሟቹ ልጅ ግን ከኋላ ቆማ ግንባሯን ቋጥራለች።

«አላማረሽም?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ስህተት ነው። ነጭ መሆን ነበረበት።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የሚገርመኝ ግን ፈገግታ ነጭ አይስትም። የመቶ ሙሽራ ቀሚስ ያረመ ሰው ነው። ይሄን አንዴ ቢያየው ኖሮ አይልከውም ነበር።»

አንዴ ቢያየው ኖሮ። ኢንስፔክተሩ ይህ ቃል ለእሱ የተነገረ መሰለው። ቀጥታ ወደ ቢሮው ሄደ። በሩን ዘጋ። ታችኛውን መሳቢያ ከፍቶ ጋዜጣውን አነሳ።

ፖስታው ውስጥ ፎቶዎቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ታስረዋል። አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ነጭ፤ ጎጆው ግን አንድ ነው። በጀርባቸው በእርሳስ፣ ጠንቃቃ በሆነ የሽማግሌ እጅ፣ «ቅጠል አለ»፣ «ቅጠል ተቆርጧል» ይላሉ። ከመጨረሻው ጀርባ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነበር፦ «አሮጌ ፎቶ ነው ቢል አይመኑት። የካሜራን ቀን ሰው ይቀይረዋል፤ ቅጠል የሰጠውን ቀለም ግን ማንም አይቀይረውም።»

አሥር ቀን ሙሉ እዚህ ነበር። ከጉልበቱ በታች፣ እግሩን ሲዘረጋ በሚነካው ቦታ።

ፊቱን ታጥቦ ወደ ግራጫዋ ክፍል ተመለሰ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ ልጅቷን። «“ቅጠል” የምትዪውን ማረሚያ፣ ቅጠል በሌለበት ፎቶ ላይ ብትጫኚውስ?»

«ምን ያደርጋል? የሌለ አረንጓዴ...» አለችና ቆመች። በመስኮት ብርሃን ያነሳችውን የነጭ ወረቀት ፎቶ ከፈተች። «ቅጠል» የሚለውን ተጫነች። ወረቀቱ ስስ ሮዝ ሆነ።

ልጅቷ ወረቀቱን ከአባቷ የመጨረሻ ፎቶ ጎን አደረገችው።

«አባቴ ሐሙስ ሁለት ከአርባ ላይ ሲያነሳቸው አረንጓዴ ነበሩ» አለች ቀስ ብላ። «ቅርንጫፉ እስከዚያ ነበር ማለት ነው። የፈገግታው ፎቶ የተነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ቅርንጫፉ ከወደቀ በኋላ።» ከዚያ ዞር አለች። «ይሄን እንዲጠይቁ ማን ነገረዎት?»

«አንድ የሚያውቅ ሰው» አለና ዓይኗን ሸሸ።

የአዳራሹ ኃላፊ ተወዳዳሪዎች ከፎቶው ጋር የሚያስገቡትን ጥሬ ፋይል አውጥታ ሰጠችው። ያልታረመው ፎቶ ላይ የአረንጓዴ ጭላንጭል እንኳን የለም። ጫጩቶቹ ነጫጭ ናቸው፤ ከላይ በቀጥታ ፀሐይ ያቃጠለው ደረቅ ነጭ። ቀኑ ሰኞ ይላል።

ሳጅኗ፣ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለች።

«ይሄኛው ሲጠራ ሮዝ ሆነ» አለ ኢንስፔክተሩ። ሳጅኗ ልትስቅ ብላ ፊቱን ስታይ ተወችው።

*

በምርመራ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ፈገግታ ከገባ ጀምሮ ወደ ግድግዳው ነው የሚያየው።

«ይሄ ምን ቀለም ነው?» አለ ኢንስፔክተሩ ጣቱን በውድድሩ ፎቶ ላይ አሳርፎ።

«ነጭ።»

«ሳታይ?»

«የራሴን ፎቶ አላውቀውም ብለህ ነው?»

«እንግዲያው እየው።»

ፈገግታ አንገቱን ሊያዞር ሞከረ። እስከ ጠረጴዛው ጠርዝ መጣና ቆመ። ከንፈሩ ለልማዱ ያህል ፈገግ ሊል ተንቀሳቀሰ።

«አልችልም» አለ።

«ሮዝ ነው። ሮዝ የሆነው “ቅጠል” የሚለውን ስለተጫንክበት ነው። ቅጠሉ ግን መሬት ላይ ነበር።»

ሰውየው ሲናገር ድምፁ ከሌላ ክፍል የሚመጣ ይመስል ነበር።

«በዚያ ውድድር አምስት ጊዜ ሁለተኛ ወጥቻለሁ። አምስቱንም ጊዜ አንደኛው እሱ ነው። ሐሙስ ጠዋት ውሃ ሊቀዳ ወደ ፓምፑ ሲሄድ ወጣሁና ቆረጥኩት። መጋዙን ሳመጣ እንኳን አላየኝም። ሲመለስ ይጮሃል ብዬ ነበር። አልጮኸም። “ውረድ ልጄ፣ ቶሎ መልሰን እንሰረው፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ” አለኝ። ወረድኩ። እሱ ገመድ ይዞ ወጣ። “ቅርንጫፉን አቀብለኝ” ሲለኝ፣ “ሁለት ደቂቃ ስጠኝ፣ አንዲት ፎቶ ብቻ” ብዬ ለመንኩት። “ጫጩት ሁለት ደቂቃ የለውም” አለኝ። መሰላሉን ነቀነቅኩት። እንዲወርድ ብዬ ነው። እንዲወርድ ብቻ።»

«ወረደ» አለ ኢንስፔክተሩ።

ፈገግታ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ... ብርሃኑ ጥሩ ነበር።»

ሳጅኗ የምትጽፍበት እስክሪብቶ ቆመ።

«መሰላሉን አቁሜ ወጣሁ። ሦስት ጊዜ አነሳሁ። እጄ ነው ያነሳው፣ እኔ አላውቅም። ስወርድ ይተነፍስ ነበር። ሰው የምጠራ መስሎኝ ነበር፣ እውነቴን ነው፣ እስከ መንገዱ ድረስ የምጠራ መስሎኝ ነበር። መሰላሉን መልሼ ጥዬ መጋዙን እጁ ላይ ሳደርግ ዓይኑን ገለጠና “ቅጠሉን” አለኝ። ሌላ አልተናገረም። “ቅጠሉን” ብቻ። ቀኑን ቀየርኩ። ኮምፒውተሩ ላይ ስከፍተው ግን ጫጩቶቹ አዩኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ “ቅጠል” የሚለውን ተጫንኩና ላክሁት። እስከ ዛሬ አላየሁትም።»

ኢንስፔክተሩ ሊቆጣ ፈለገ። ያላየ ሰው ያላየ ሰውን እንዴት ይቆጣል?

*

ሰኞ ጠዋት ኢንስፔክተሩ የመዝገቡን የመጀመሪያ ገጽ ራሱ ሲጽፍ ሳጅኗ በትከሻው ላይ አነበበች።

«“ሟች ከመሞታቸው ስምንት ቀን አስቀድሞ ለእኔ አቤቱታ አቅርበው፣ ሳልመዘግብ ቀልጄባቸው መልሻቸዋለሁ።” አለቃ! ይሄን ማን ጠየቀዎት?»

«ማንም። ስለዚህ ነው የምጽፈው።»

«ያባርሩዎታል እኮ!»

«ይሆናል። ልጅቷ መጥታለች፣ አስገቢያት።»

ልጅቷ ለማመስገን ነበር የመጣችው። አባቷ ቅርንጫፍ ሊያስሩ እንጂ ሊቆርጡ እንዳልወጡ ጋዜጣው ጽፏል፤ ዓሣ አርቢውም በየሄደበት እየተናገረ ነው። «ስሙን መለሱልኝ» ልትል አፏን ስትከፍት፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን፣ በእርሳስ የተጻፈበትን ቢጫ ፖስታ አየች። የአባቷን የእጅ ጽሑፍ ለማወቅ መቅረብ አላስፈለጋትም።

«መጥቶ ነበር» አለች።

«መጥተው ነበር። እኔ ጋ ነው የመጡት። “እርስዎስ የሚያነሱት ምንድን ነው” ብዬ ሳቅኩባቸው። ይሄን ትተውልኝ ሄዱ። ያን ቀን ከፍቼው ቢሆን ኖሮ...» ዓረፍተ ነገሩ የሚደርስበት ቦታ አጣ። «አጣራለሁ ያልኩሽ ውሸቴን ነው።»

«መቼ ከፈቱት?»

«ቅዳሜ።»

ይቅርታ አደርግልዎታለሁ አላለችም። አልሰደበችውም። ወንበሩን ሳበችና፣ ሽማግሌው በተቀመጡበት፣ ከማዶው ተቀመጠች። ፖስታውን ከፍታ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፎቶዎች ፈታች፤ አንዱን አረንጓዴ አንዱን ነጭ፣ ከፊቱ ደረደረቻቸው።

«አሁን ይዩ» አለች።

ስልኩ ጮኸ። በሩ ተንኳኳ። ኢንስፔክተሩ ቀና ሊል ሲል፣ እሷ ከፖስታው ውስጥ የቀሩትን ሃያ ምናምን ፎቶዎች ጉልበቷ ላይ አስተካክላ ያዘች።

«እኔ አልቸኩልም።»

ጎንበስ ብሎ ማየት ጀመረ።